ስለ ድሮ ጌም ፊደል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፖስተር ወይም የቪዲዮ ሽፋን ላይ የፒክስል ፎንት በተጠቀምኩ ቁጥር ቴሌግራሜ በጥያቄ ይሞላል። "ይሄ ፊደል ስሙ ማነው?" "እኔ ስጠቀምበት ለምን ደበዘዘ?" "አማርኛ አለው?" አብዛኛው ጥያቄ የሚያጠነጥነው ፕሬስ ስታርት ቱፒ በሚባለው ፎንት ላይ ነው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አማርኛን የሚመለከተው ረዘም ይላል፤ ልቤም ያለው እዚያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒክስል ፎንት ማለት ምን ማለት ነው?

በካሬ ነጥቦች ብቻ የተሠራ ፊደል ማለት ነው። ሰያፍ መስመር የለውም፣ ክብ የለውም። ያለው የተሞላ ካሬ ወይም ባዶ ካሬ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ ጣል የሚደረገውን ዳንቴል አስቡት። እናቶቻችን በኪሮሽ ወፍና አበባ የሚያወጡት አንዱን ቀዳዳ እየሞሉ፣ ሌላውን ክፍት እየተዉ ነው። ከቅርብ ስታዩት ደረጃ ደረጃ ነው፤ ራቅ ስትሉ ወፉ ብቅ ይላል። ፒክስል ፊደልም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ለምን እንዲህ ተሠራ? ለማማር ነው?

አይደለም። የቦታ ጉዳይ ነበር። የድሮ ጌም ማሽኖች ማስታወሻቸው (ሜሞሪያቸው) በጣም ትንሽ ስለነበረ ስክሪኑን የሚሞሉት 8 በ8 በሆኑ ትንንሽ ሰድሮች ነበር። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ናምኮ በ1980 ያወጣውን ፓክማን ውሰዱ። ስክሪኑ ወርዱ 224፣ ቁመቱ 288 ነጥብ ነው። በ8 ሲካፈል 28 ዓምድና 36 ረድፍ ይወጣዋል። ግድግዳው፣ የሚበላው ነጥብ፣ ላይ የተጻፈው ውጤት፣ ሁሉም በእነዚህ ሰድሮች የተነጠፈ ነው። ፊደልም ከሰድሮቹ አንዱ ነበር።

ባለ አንድ ቀለም 8 በ8 ፊደል 8 ባይት ብቻ ይፈጃል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ባይት ነው። 96 የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ቢደመሩ 768 ባይት ይሆናሉ። ዛሬ ስልካችን ላይ አንዲት ስቲከር ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

ፕሬስ ስታርት ቱፒን የሠራው ማነው?

ኮድማን38 በሚለው ስም የሚታወቀው ኮዲ ቦይስክሌር ነው። መነሻ ያደረገው ናምኮ በ1980ዎቹ የጌም ማሽኖቹ ላይ ይጠቀምበት የነበረውን ፊደል ነው። የፊደሉ ዘር ደግሞ ወደ ኋላ ወደ 1970ዎቹ የአታሪ ማሽኖች ይሄዳል። የላቲን፣ የግሪክና የሲሪሊክ ፊደላት አሉት። ጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ ይገኛል።

መልኩ ላይ ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ቋሚ መስመሮቹ ወፍራም፣ አግድሞቹ ቀጭን መሆናቸው ነው። ቋሚው 2 ነጥብ፣ አግድሙ 1 ነጥብ ነው። "ኤ" የምትባለውን ትልቋን የላቲን ፊደል እንቁጠር። የላይኛው ረድፍ 3 ነጥብ ብቻ ነው። ቀጥሎ 2 ነጥብ፣ 1 ባዶ፣ 2 ነጥብ ይመጣል። ከዚያ እግሮቹ ይከፈታሉ፦ 2 ነጥብ፣ 3 ባዶ፣ 2 ነጥብ። አምስተኛው ረድፍ መሻገሪያው ስለሆነ 7ቱም ሙሉ ናቸው። ከዚያ በታች እግሮቹ ይቀጥላሉ። ወርድና ቁመቱ 7፣ 7 ሆኖ አንድ ዓምድና አንድ ረድፍ ባዶ ይተርፋል። ያ ባዶ ቦታ ነው ፊደልን ከጎረቤቱ የሚለየው።

ቋሚው ለምን ወፈረ? በዚያ ዘመን ባለቱቦ ቴሌቪዥን ላይ ባለ አንድ ነጥብ ቋሚ መስመር ይሳሳና ይጠፋ ነበር። ሁለት ሲሆን ይነበባል። ደግሞም በቱቦው ላይ ነጥቦቹ እያበሩ እርስ በርስ ስለሚዋሃዱ ፊደሉ ዛሬ ከምናየው ለስለስ ያለ ነበር። ጥርት ያለ ስለታም ካሬ ያመጣው የዛሬው ስክሪን ነው።

እኔ ስጠቀምበት ለምን ይደበዝዛል?

በጣም የምጠየቀው ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መጠኑ ነው። ፊደሉ የተሠራው በ8 ነጥብ ቁመት ስለሆነ በ8፣ በ16፣ በ24፣ በ32፣ በ40 ነው የሚጠራው። 20 ብትሉት አንዱ የፊደል ነጥብ ሁለት ተኩል የስክሪን ነጥብ መሆን አለበት። ግማሽ ነጥብ ደግሞ የለም። ኮምፒውተሩ ጠርዙን በግራጫ ያለሰልሰዋል፣ ፊደሉም የታጠበ ይመስላል።

ፎቶሾፕ ላይ ከሆናችሁ የፊደል ማለስለሻውን ጭራሽ አጥፉት። ያለቀ ምስል ስታሳድጉ ኒረስት ኔበር የሚለውን ምረጡ፤ በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ብቻ አሳድጉ። ስታስቀምጡ ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ ጠርዙ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ያራግፍበታል።

አንዴ ለልጆች የኮዲንግ ክለብ ባነር ሠርቼ ነበር። ስክሪን ላይ ምላጭ ነበር። ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላክሁት። ሲታተም ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ጭጋግ ለብሰው መጡ። ምስሉ እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ነበር። እዚያ ደግሞ ፍሌክሱን እንዲሞላ ብለው ወደ ጎን ስበውታል። ካሬው ሁሉ አራት ማዕዘን ሆነ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሥሩ ፎቶ ሲነሱ እኔ ዓይኔ ከፊደሎቹ ላይ አልነሳ አለኝ። ከዚያ ወዲህ "ፋይል" አድርጌ ነው የምልከው፤ ወርዱንና ቁመቱን በሳንቲ ሜትር ጽፌ፣ "እንዳይሳብ" ብዬ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የት ያምራል? የት አያምርም?

አጭር ርዕስ ላይ ያምራል። የጌም ውጤት፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ የቪዲዮ ሽፋን፣ ቲሸርት፣ የኮዲንግ ትምህርት ፖስተር፣ ሁሉም ላይ ቤቱ ነው። ቁጥሮቹ በተለይ ግሩም ናቸው። ሁሉም እኩል ስፋት ስላላቸው ውጤት ሲጨምር ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ አይዋልልም።

አንቀጽ ላይ ግን አትጻፉበት። እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ 8 ነጥብ ይይዛል። በ16 መጠን 20 ፊደል ያለው ርዕስ 320 ነጥብ ይወስዳል። ድረ ገጽ ላይ ይሄ የብዙ ስልኮችን ወርድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እንደ ጂ፣ ፒ እና ዋይ ያሉ ወደ ታች የሚወርዱ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ደግሞ ጅራታቸው ተቆርጦ ተጨናንቀዋል። ካፒታል ብቻ ብትጠቀሙ ይሻላል። በመስመሮች መካከልም ቦታ ስጡ።

ስልክ ቁጥር፣ የመድኃኒት መጠን፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር በዚህ ፎንት አይጻፍ። 8 እና ላቲኑ "ቢ" ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ሰው ሊሳሳትበት የማይገባ ነገር ግልጽ ፊደል ይፈልጋል።

አማርኛ አለው?

የለውም። በዚህ ፎንት "ሰላም" ብትጽፉ የምታዩት ሌላ ፎንት ነው። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ፈልጎ ይተካላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ፣ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ ኖቶ ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተገኘ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። እንግሊዝኛው ካሬ በካሬ፣ አማርኛው ለስላሳ ብዕር ሆኖ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለዓይን ይከብዳል።

እስከዚያው የማደርገውን ልንገራችሁ። ሁለቱን ቋንቋ አንድ መስመር ላይ አላስቀምጥም። አማርኛውን ለብቻው፣ ወፈር ባለ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ተለቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ፒክስሉን ለቁጥርና ለላቲን ቃል እተወዋለሁ። ከመቀላቀል ይሻላል፤ ግን መፍትሔ ነው አልልም። መፍትሔው የራሳችንን ፊደል በነጥብ መሥራት ነው።

የእኛ ፊደል 8 በ8 ውስጥ ይገባል?

ብዙ ሰው "አይገባም" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ቁጭ ብዬ በካሬ ደብተር ሞክሬዋለሁ። ከፊሉ ይገባል። በ እነሆ፦

■■■■■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□

ቤ ደግሞ እነሆ፦

■■■■■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■■■
■□□□■□■
■□□□■■■

ቀለበቱን እዩት። ቀለበት ቀለበት እንዲመስል መሐሉ ቢያንስ አንድ ባዶ ነጥብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ3 በ3 ማነስ አይችልም። የቀኙ እግር ከቀለበቱ አንዱን ጎን ስለሚሠራ ወደ ውጭ የሚወጣው 2 ዓምድ ብቻ ነው። ጠቅላላው 7 ዓምድ ሆነ። ስምንተኛው ለክፍተት ቀረ። ልክክ አለ! መጀመሪያ ሲወጣልኝ ደብተሩን ይዤ ቤት ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ።

አሁን ቢን ሥሩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ከእግሩ ወደ ቀኝ 2 ነጥብ ጨምሩ፣ አለቀ። በቢና በቤ መካከል ያለው ልዩነት 3 ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ቡ ላይ ያቺኑ ሁለት ነጥብ እግሩ መሐል ላይ ታደርጓታላችሁ። የተለወጠው ቦታዋ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ተለወጠ። በላቲን አንድ ነጥብ ቢሳሳት ፊደሉ ያስቀይማል። በእኛ ግን ቃሉ ይለወጣል።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ከላይ መስመሬ ሁሉ አንድ ነጥብ መሆኑን ልብ በሉ። የፕሬስ ስታርት ቱፒን ውፍረት፣ ማለትም ባለ 2 ነጥብ ቋሚ ብትፈልጉ ጠ ብቻውን ሦስት እግሩ 6 ነጥብ፣ ሁለቱ ክፍተቶች 2 ነጥብ፣ በድምሩ 8 ይሆናል። ሳጥኑ ሞላ። ለጎረቤት ፊደል ክፍተት የለም፣ ለጡ ምልክት ቦታ የለም፣ ለጤ ቀለበትማ ጭራሽ። ሸ፣ ኘ፣ ቸ አናታቸው ላይ ያለው መስመር ከቁመቱ ረድፍ ይበላል። ጨን ከጠ የሚለየው ቅርጽ ሲጨመርበት ደግሞ 8 በ8 እጅ ይሰጣል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። 8 በ8ን ለአንድ ቃል፣ ለጌም ስም፣ ለአርማ ተጠቀሙበት። ፊደሎቹን መርጣችሁ፣ በእጅ አስተካክላችሁ። ሙሉውን የፊደል ገበታ ግን በዚያ ሳጥን ውስጥ አታፍኑት።

ታዲያ ሙሉው ገበታ ስንት ነጥብ ይፈልጋል?

16 ቁመት ምቹ ነው። ዩኒፎንት የሚባለው ነፃ የነጥብ ፎንት በ16 ቁመት የተሠራ ሲሆን የግዕዝ ፊደልንም ይዟል። ሮማን ቺዝቦራ የጀመረው በ1998 ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩኒፎንት ለውበት የተሠራ አይደለም። ግን ጨ በ16 ነጥብ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ ለማየት ከእሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ስሌቱም አያስፈራም። 16 በ16 ፊደል 32 ባይት ነው። 33ቱን ፊደላት በ7 ስታባዙ 231፤ በ32 ሲባዛ 7,392 ባይት። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር እንኳ 64 ኪሎባይት ማስታወሻ ነበረው።

ደግሞ ፒክስል አማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየሱቁ ደጃፍ የሚሮጠውን ቀይ የመብራት ጽሑፍ ቀርባችሁ እዩት። ፋርማሲው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ አለው። እያንዳንዱ አምፖል አንድ ነጥብ ነው። አንዳንዱ ላይ ቤ ቀለበቱ ተደፍኖ ጥቁር ድንጋይ የያዘ ይመስላል። አንዳንዱ ላይ ግን የሆነ ሰው ተጨንቆ በሚገባ ሠርቶታል። እንዲህ ያለውን ሳገኝ ቆሜ ፎቶ አነሳዋለሁ።

ኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ። በ16 በ2 ኤልሲዲ ላይ አማርኛ መጻፍ እችላለሁ?

በመጠኑ። ያ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ትንሽ ስክሪን 2 መስመር፣ በየመስመሩ 16 የፊደል ቤት አለው፤ እያንዳንዱ ቤት ወርዱ 5፣ ቁመቱ 8 ነጥብ ነው። ራሳችሁ የምትስሉት ፊደል ደግሞ በአንዴ 8 ብቻ ነው። "ሰላም" 3 ፊደል ስለሆነ ይበቃዋል። "እንኳን ደህና መጡ"ን ቁጠሩት፦ እ፣ ን፣ ኳ፣ ደ፣ ህ፣ ና፣ መ፣ ጡ። ን ሁለቴ ስለሚመጣ የተለያዩት ፊደላት ልክ 8 ናቸው! ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ችግሩ ጡ ነው። ሦስት እግሩ 5ቱንም ዓምድ ስለሚወስድ ከጎኑ ለምትወጣው ምልክት ቦታ የለም። ኳም ከእግሯ ስር ያለችው መስመር ትጣበባለች።

ስለዚህ ከቻላችሁ 128 በ64 ነጥብ የሆነውን ትንሹን ኦሌድ ስክሪን ግዙ። በ16 በ16 ፊደል 4 መስመር፣ በየመስመሩ 8 ፊደል ይይዛል። "እንኳን ደህና" ክፍተቱን ጨምሮ 8 ስለሆነ አንደኛው መስመር ላይ ልክ ይገባል። "መጡ" ሁለተኛው ላይ ይቀመጣል። ሁለት መስመር ይተርፋችኋል።

የራሴን ፒክስል አማርኛ ፎንት መሥራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከካሬ ደብተርና ከእርሳስ። ከዚያ ወደ ፎንትስትራክት ሂዱ። በብራውዘር የሚሠራ ነው፤ ካሬ እየደረደራችሁ ፊደል ታወጡበታላችሁ። ጠለቅ ያለ ሥራ ስትፈልጉ ፎንትፎርጅ አለ፣ እሱም ነፃ ነው።

አደራ የምላችሁ፣ ከሀ ጀምራችሁ በተራ አትሂዱ። ከባዱን አስቀድሙ። ጨ፣ ጬ፣ ኜ፣ ሼ፣ ቋ። እነዚህ የገቡበት ሳጥን ለሁሉም ይበቃል። በሀ ከጀመራችሁ ግን ሳጥኑን ጠባብ ታደርጉና ጨ ላይ ስትደርሱ ሁሉንም እንደገና ትሠራላችሁ። ቀጥሎ የቀለበቱን ቅርጽ አንዴ ወስኑና በቤ፣ በቴ፣ በኔ ሁሉ ላይ ያንኑ ድገሙት። ዓይን የሚያርፈው በዚህ ድግግሞሽ ነው።

ስፋቱንም እኩል ለማድረግ አትታገሉ። በ1984 ለአፕል ኮምፒውተር ለማኪንቶሽ ቺካጎ የተባለውን ፎንት የሣለችው ሱዛን ኬር ጠባቡን ፊደል ጠባብ፣ ሰፊውን ሰፊ አድርጋ ትታዋለች። ፊደሉ በ2001 በወጣው የመጀመሪያው አይፖድ ላይም አገልግሏል። የእኛም ነ ከጨ ጋር እኩል ሳጥን ውስጥ ቢገባ ዙሪያው ባዶ ሜዳ ይሆናል።

ለንግድ ሥራ ብጠቀምበት ክፍያ አለው?

ፕሬስ ስታርት ቱፒ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ፈቃድ ነው የወጣው። ለቲሸርት፣ ለጌም፣ ለማስታወቂያ ያለ ክፍያ ትጠቀሙበታላችሁ። የማይፈቀደው ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ነው። አማርኛ ጨምራችሁ ብታሰራጩት ይፈቀዳል፤ ያው ፈቃድ ሳይለወጥ ይቀጥላል፣ ስሙ በፈቃዱ ላይ የተጠበቀ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስም ትሰጡታላችሁ። ሌላ ፎንት ስታወርዱ ግን አብሮ የሚመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ አንብቡ። ሁሉም እንዲህ ለጋስ አይደለም።

ሌላ ምን ዓይነት ፒክስል ፎንት አለ?

የጌም ስሜት ካልፈለጋችሁ ቪቲ323 አለ። በድሮ የኮምፒውተር ተርሚናል ፊደል ላይ ተመሥርቶ በፒተር ሀል የተሠራ ነው። ጠበብና ረዘም ስለሚል ጽሑፍ ይችላል፤ በ16 ብዜት ተጠቀሙበት። ሲልክስክሪንን ደግሞ ጄሰን ኮትኪ በ1999 ለትንንሽ የድረ ገጽ ጽሑፎች ሠራው። ነጥብን እንደ ጥበብ የያዘ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ የዙዛና ሊችኮን ሥራዎች ፈልጉ። በ1985 ከማኪንቶሽ ነጥቦች ያወጣቻቸው እነ ኦክላንድና ኤምፐረር ዛሬም ትኩስ ናቸው።

በኪሮሽ ወይም በጥልፍ ልሠራው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ለእሱ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ነጥብ አንድ ካሬ ነው። "ቤታችን" የሚል ዳንቴል ብትፈልጉ 4 ፊደል፣ እያንዳንዱ 7 ካሬ ወርድ፣ በመካከል 3 ክፍተት፣ በድምሩ 31 ካሬ ይሆናል። አንዱ ካሬ 1 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ጽሑፉ 31 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያውን ሁለት ሁለት ካሬ ባዶ ተዉለት። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ትንሽ ቁራጭ ሠርታችሁ በማስመሪያ ለኩ፤ የኪሮሽ ካሬ እንደ ሰው እጅ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሳባል። ወደ ላይ ከተሳበባችሁ የቤ ቀለበት እንቁላል ስለሚሆን አስተካክላችሁ ቁራጩን ድገሙት።